ቤቱን አይሽጡ፣ መጀመሪያ ታኅሣሥን ይሞክሩት

«ጡረታ ወጥተናል፤ የባሕር ዳሩን ቤት ሸጠን ደብረ ብርሃን ልጃችን ጋ እንግባ?» ላሉት፦ አይሽጡ። አከራይተውት ይሂዱ።

መሞከሪያው ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። በክረምት አይተው «ብርዱ ይቻላል» እንዳይሉ። ውርጩ የሚወርደው ሰማዩ ጠርቶ ሲያድር ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደብረ ብርሃን ከ2,700 በላይ። የጣናን ሙቀት የለመደ ጉልበት ልዩነቱን በመጀመሪያው ሌሊት ያውቀዋል። ደም ግፊት ወይም አስም ካለ ሐኪም ያማክሩ።

አንድ ነገር ከራሴ። እኔ ስሄድ ከእድሩ ወጣሁ። ልጄ ጠዋት ወጥታ ማታ ነው የምትገባው፤ ቀኑን ሙሉ ከቴሌቪዥን ጋር ተፋጥጬ ዋልኩ። በስምንት ወሬ ተመለስኩ። እድሩ ግን እንደ አዲስ ገቢ መመዝገቢያ አስከፈለኝ፣ ያውም ስቀውብኝ! እርስዎ ወርሃዊውን በቴሌብር ይላኩ።