የቡድን ስልጠና ወይስ ቤት የሚመጣ አሠልጣኝ? የውሻ ጥያቄዎቻችሁ ከነመልሳቸው

ውሻ አሠለጥናለሁ፤ በቡድንም፣ ቤት ለቤት እየዞርኩም። ዛሬ ማታ ጊዜ አለኝ፣ ጠይቁ። የሕመም ነገር ግን ለእንስሳት ሐኪም ይሁን።

ጥያቄ (ከካዛንቺስ)፦ ጋሼ፣ የ7 ወር ጀርመን ሼፐርድ አለኝ። ግቢ ውስጥ ያልኩትን ሁሉ ይሰማል። ከበር ስንወጣ ግን ሌላ ውሻ ካየ ገመዱን ጎትቶ ሊጥለኝ ይደርሳል። የቱ ይሻለኛል?

መልስ፦ የቡድኑ። ችግርህ ያለው ውጭ ነው። አሠልጣኝ ቤትህ ቢመጣ ጎረምሳው ጨዋ ሆኖ ቁጭ ይልለታል፤ አንተም ከፍለህ ትሸኘዋለህ። ቡድን ውስጥ የሚማረው ሌላ ውሻ እያለ አንተን መስማት ነው። ሚስጥሩ ርቀት ላይ ነው። አሠልጣኙ መጀመሪያ ከሌሎቹ ራቅ አድርጎ ያስቆምሃል። ውሻህ ሌላውን አይቶ ፊቱን ወደ አንተ ሲመልስ፣ በዚያችው ቅጽበት ቁራሽ ሥጋ ታጎርሰዋለህ። ከዚያ ጥቂት እርምጃ መጠጋት ነው። መጮህና መጎተት ከጀመረ ከልክ በላይ ቀርባችኋልና ወደ ኋላ ተመለሱ። በመካከሉ ባሉት ቀናት፣ ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ በኮሪደር ልማቱ በሰፋው የእግረኛ መንገድ ላይ ማለዳ፣ ሰው ሳይበዛ፣ አምስት ደቂቃ ብትለማመዱ ይበቃል። ረዳት ሳይኖረው አሥር አሥራ አምስት ውሻ ሰብስቦ "ቁጭ በል" እያለ የሚጮህ ካየህ ግን ዝም ብለህ ውጣ።

ጥያቄ (ከስድስት ኪሎ)፦ ልጄ፣ የኛ ውሻ ሰው አያስገባም። በቀደም ቆጣሪ አንባቢውን ለጥቂት ሳተው። ቀን በሰንሰለት ይታሰራል፣ ማታ ይፈታል። ብወስደው ይገራል?

መልስ፦ የትም አይውሰዱት እናቴ፣ የሚመጣ ሰው ይፈልጉ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ቆጣሪ አንባቢው ይመጣል፣ ውሻው ይጮኻል፣ ሰውየው አንብቦ ይሄዳል። ውሻው ግን "አባረርኩት" ብሎ ነው የሚይዘው። ሰው በመጣ ቁጥር እንዲህ ሲያሸንፍ ከርሟል፤ ሜዳ ላይ ተወስዶ የሚረሳው ነገር አይደለም። አሠልጣኙ ሰንሰለቱ የት እንደታሰረ፣ ከበሩ ስንት እርምጃ እንደሆነ በዓይኑ ማየት አለበት። አብዛኛውን ጊዜ እኔ መጀመሪያ የማስደርገው ማሰሪያውን ከበሩ ወደ ጓሮ ማዛወር ነው፤ አላፊ አግዳሚውን ሁሉ ሲጠብቅ መዋሉ ይቀርለታል።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ የሚያበላው ማነው? ዘበኛው ከሆነ ትምህርቱ ላይ ዘበኛው ይቁም፤ ቤት የምታግዝዎትም ልጅ ትኑር። እርስዎ ብቻ ተምረው እሱ በዱላ ካስፈራራው ብሩ ውኃ በላው። ሲያጉረመርም ደግሞ አይምቱት። ማጉረምረሙን ያስተዉት እንደሆነ ሳያስጠነቅቅ መንከስ ነው የሚለምደው። ሰው ከነከሰ ቁስሉ 15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ይታጠብ፣ ዛሬ ነገ ሳይባል ጤና ጣቢያ ይኬድ። የእብድ ውሻ በሽታ አገራችን ውስጥ ዛሬም አለ።

ጥያቄ፦ አንዱ "ለአንድ ወር ስጠኝ፣ አሠልጥኜ እመልስልሃለሁ" አለኝ። እንዴት ነው?

መልስ፦ ለእሱ የሚታዘዝ ውሻ ይመልስልሃል። ውሻ ትእዛዝን የሚማረው ከቦታውና ከሰውየው ጋር አያይዞ ነው፤ ቤትህ ሲገባ አንተ ያው የድሮው ሰው ነህ። ደግሞስ ወሩን ሙሉ ምን እንደሚደረግበት በምን ታውቃለህ? ከመስጠትህ በፊት "ሲሳሳት ምን ታደርገዋለህ?" በለውና መልሱን ስማ።

ጥያቄ (ከአምባሳደር አካባቢ)፦ የ2 ወር ቡችላ ናት። አሁኑኑ ቡድን ላስገባት ወይስ ክትባት ልጨርስ?

መልስ፦ እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይጋጫል። ቡችላ ሰውንም ድምፅንም ሳይፈራ የሚለምደው እስከ 3 ወር ተኩል ገደማ ባለው ጊዜ ነው፤ ያ ካለፈ ይከብዳል። የፓርቮ (ቡችላን የሚገድል፣ ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፍ የተቅማጥ በሽታ) ክትባት ግን ተደጋግሞ የሚያልቀው 4 ወር አካባቢ ሲሆናት ነው። መንገዳችን ደግሞ ባለቤት የሌለው ውሻ የሚውልበት ነው። ስለዚህ መሬት ሳትነካ አቅፈሻት ውጪ፤ የታክሲ ረዳት ጩኸት ትስማ፣ ጃንጥላ የያዘ ሰው ትይ። ቡድን የምታስገቢያት የሁሉም ቡችሎች የክትባት ካርድ የሚታይበት፣ ወለሉ የሚታጠብበት ቦታ ከሆነ ብቻ ነው፤ ያውም ሐኪሟ ከፈቀደ።

ጥያቄ፦ ጾም ላይ ነን፣ ሥጋ ቤታችን አይገባም። በምን ላስተምረው?

መልስ፦ እሱ አይጾምም እንጂ! ደረቅ የውሻ ምግብ ካለ ከዕለት ድርሻው ላይ ቀንሰህ በእጅህ ስጠው። ከሌለ የተቀቀለ ካሮት ወይም ስኳር ድንች በጣም ትንንሽ አድርገህ ቁረጥ። ወጥ የነካው እንጀራ አትስጠው፤ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው። ዘቢብና ቸኮሌትም እንደዚያው።

ጥያቄ፦ ወንድ የምትፈልግበት ሰሞን ነው። ክፍል ትምጣ?

መልስ፦ ኧረ አትምጣ! ሦስት ሳምንት ገደማ ታገሱ። የወንዶቹም ትምህርት አብሮ ይበላሻል።

ጥያቄ፦ የግል መጀመር ፈልጌ ነበር፣ ግን እስከ መጨረሻ የምከፍለው የለኝም።

መልስ፦ አንድ ቀን ብቻ ቤት አስመጣ። ግቢውን ይይ፣ ቤተሰቡ ሁሉ አንድ ዓይነት ትእዛዝ እንዲጠቀም ያስማማችሁ፤ ባንተ "ና" በልጅህ "ከም" እየተባለ ውሻው ግራ አይጋባ። የቀረውን በቡድን ጨርስ።

ጥያቄ፦ የኛ 8 ዓመቱ ነው። አረጀ ወይስ ይማራል?

መልስ፦ ይማራል፤ አጠር አጠር አድርጉለት። ድሮ ይቀመጥ የነበረው አሁን "ቁጭ በል" ሲባል እምቢ ካለ ግን አሠልጣኝ ከመጥራታችሁ በፊት ዳሌውን ለሐኪም አሳዩት።