ስኮላርሺፕ ለምትፈልጉ የጎንደር ልጆች

ጡረታ እስክወጣ የሒሳብ ባለሙያ ነበርኩ። ዛሬም ተማሪ በሚረዳ አንድ የተወላጆች ማኅበር ውስጥ የአመልካቾችን ደብዳቤ አነባለሁ። ስለዚህ የምጽፍላችሁ በሰጪው በኩል ሆኜ ነው።

ልጆቼ፣ ገንዘብ የሚሰጥ ሁሉ በልቡ ያሰበው ተማሪ አለው። አንዱ ሴት ልጅ ኢንጂነር ሆና ማየት ይፈልጋል። ሌላው የትውልድ መንደሩን ልጅ ማስተማር ይፈልጋል። ማስተርካርድ ፋውንዴሽን ከጎንደር ዩኒቨርሲቲና ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር የጀመረው ፕሮግራም በተለይ ያሰበው አካል ጉዳተኛ ወጣቶችን ነው። እና ከብሩ መጠን በፊት «ለማን?» የሚለውን አንብቡ። እናንተን የማይመለከት ቦታ ደጋግሞ ማመልከት ድካም ብቻ ነው።

ሁሉም «ፉል ስኮላርሺፕ፣ አሜሪካ» ይላል። አለ፣ አልዋሽም። ሀርቫርድንና ኤምአይቲን የመሰሉ ጥቂቶች የውጭ ተማሪ ሲመርጡ ኪሱን አያዩም፤ ከተቀበሉት የጎደለውን ይሞሉለታል። ፉክክሩ ግን ከመላው ዓለም ጋር ነው። የብዙዎቹ ማመልከቻም በታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ ይዘጋል። «የማትሪክ ውጤት ይምጣና እናያለን» ያለ ልጅ ያን ዓመት አልፎታል። እዚያ የገባም ከሌላ ቦታ ያገኘውን ድጋፍ ማሳወቅ አለበት። አንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ታዲያ ከራሱ ድጋፍ ላይ ይቀንስበታል።

የአጠገባችሁን ትንሽ ገንዘብ አትናቁ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በወጪ መጋራት ይማራል፤ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ይከፍላል። እስከዚያ የሚያስቸግረው ላፕቶፑ፣ መጓጓዣው፣ ፎቶኮፒው፣ ሳሙናው ነው። ይህን የሚሸፍንላችሁ የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር፣ እድር፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም አንድ የቅዳሜ ገበያ ነጋዴ ሊሆን ይችላል። እነዚህ ማስታወቂያ አያወጡም። ሄዶ መጠየቅ ነው፣ ምን ያሳፍራል? የግል ኮሌጅ የምትገቡም ከመመዝገባችሁ በፊት ቅናሽ እንዳለ ሬጅስትራሩን ጠይቁ።

ወደ ደብዳቤው ልምጣ። ብዙው «ከልጅነቴ ጀምሮ ሕልሜ» ብሎ ይጀምራል፤ ጥቂት እንዳነበብን የማን እንደሆነ ይጠፋናል። ከአዘዞ እየተመላለሰ የሚማር ልጅ የታክሲ ወጪውን፣ እናቱ እንጀራ ሸጣ የምታገኘውን፣ ማታ የሚያስጠናቸውን የሰፈር ልጆች ከጻፈልን ግን ስንወያይ ስሙ ይነሣል። ድህነትን ማጋነን አያስፈልግም፤ ያስታውቃል። አሁን ደግሞ በስልክ አፕ የሚጻፈው በዝቷል። ሁሉም አንድ እናት የወለደቻቸው ይመስላሉ።

ወረቀታችሁንም እዩ። በእንግሊዝኛ የተጻፈው ስማችሁ በትራንስክሪፕቱ፣ በፓስፖርቱና በልደት ሰርተፍኬቱ አንድ ይሁን። የልደት ቀናችሁን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ስትቀይሩም ተጠንቀቁ።

«ብር ላክ፣ ስኮላርሺፕ ላስጨርስልህ» የሚል የቴሌግራም ደላላ ከመጣ ብሎክ አድርጉት። ዩኒቨርሲቲ የማመልከቻ ክፍያ ሊጠይቅ ይችላል፤ አቅም ለሌለው ግን ብዙዎቹ ይተዉለታል። ለደላላ የሚከፈል «ማስለቀቂያ» ግን የለም።

ከተሳካላችሁ በኋላ የሴሚስተሩን ውጤት ሳትጠየቁ ላኩ። ብዙው ድጋፍ በየዓመቱ የሚታደሰው ውጤት ታይቶ ነው። ዝቅ ካለም ምክንያቱን ጽፋችሁ ላኩ። በእኛ ማኅበር ውጤቱ የወረደ ልጅ ቀርቦ ካስረዳ አንድ ሴሚስተር እንታገሠዋለን። ድምፁን ያጠፋብንን ግን ቦታውን ለተጠባባቂ እንሰጥበታለን።