ጽሑፉን ላጥፋው ወይስ ልተወው?

አንዲት የሕግ ተማሪ ሰሞኑን፣ «ጋሼ፣ ሰው በፌስቡክ ለጻፈው ነገር ፖሊስ እየፈለገው መሆኑን ቢሰማ፣ ጽሑፉን ያጥፋው ወይስ ይተወው?» ብላ ጠየቀችኝ። መልሱ አጭር ነው፤ ወደ ታች ታገኙታላችሁ። ጥያቄው ግን የቆየ ቁጭት ነካብኝና ከሱ ልጀምር።

ቁጭቴ በአንድ ምክር ነው። እኛ ጠበቆች ለሚጽፉ ሰዎች ለዓመታት ስንለግስ የኖርነው «እውነቱን ጻፍ፣ ማስረጃህን ያዝ፣ ከዚያ ማንም አይነካህም» የሚል ነበር። ይህ ለስም ማጥፋት ክስ ልክ የተሰፋ ልብስ ነው። እዚያ የነገሩ እውነትነት ይጠየቃል፣ ሰነድ ይቀርባል። በ2001 ዓ.ም. የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 ሲወጣ ዓይናችን ያረፈው አንቀጽ 3 ላይ፣ የሽብር ድርጊት ምንድን ነው በሚለው ትርጓሜ ላይ ነበር። ለጸሐፊ የሚያሰጋው ግን ጥቂት ዝቅ ብሎ የተቀመጠው አንቀጽ 6 ነው። ጽሑፉ ለሕዝብ ከተሰራጨና ካነበቡት ሰዎች ሁሉም ወይም አንዳንዶቹ በቀጥታም ይሁን በተዘዋዋሪ ሽብርን እንደሚያበረታታ አድርገው ሊረዱት የሚችሉ ከሆነ፣ ቅጣቱ ከ10 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ነበር። «የጻፍከው እውነት ነው ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ቃል አንቀጹ ውስጥ የለም። አቀራረጹ እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2006 ከወጣው የሽብር ሕግ ጋር በጣም ይቀራረባል። እዚያ ግን ጸሐፊው ሆን ብሎ ወይም በግድየለሽነት ማድረጉ መረጋገጥ ነበረበት፤ ጣሪያውም ያኔ 7 ዓመት ነበር። የእኛው ያቺን ሐረግ ትቶ ወለሉን 10 አደረገው።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ በደንብ የታየው በዮናታን ተስፋዬ መዝገብ ነው። ዮናታን የሰማያዊ ፓርቲ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ የነበረ ወጣት ነው። በታኅሣሥ 2008 ተያዘ። ወቅቱ የአዲስ አበባና የዙሪያዋ ማስተር ፕላን ተቃውሞ በኦሮሚያ የተቀጣጠለበት ነበር፤ እሱም ስለ ተቃውሞው በፌስቡክ ገጹ ይጽፍ ነበር። ክሱ የመጣው ከአራት ወር በላይ ቆይቶ ነው። በዚያ አዋጅ ፖሊስ በአንድ ጊዜ የሚሰጠው የምርመራ ጊዜ ከ28 ቀን አያንስም፣ ድምሩ ደግሞ እስከ 4 ወር ይደርስ ነበር። እሱ ታስሮ ሳለ በጥር 2008 መንግሥት ራሱ ማስተር ፕላኑን መሰረዙን አስታወቀ። ተቃውሞው የተነሳበት ነገር ቀረ፤ ስለ ተቃውሞው የጻፈው ሰው እስር ቤት ቀረ። ክሱ መጀመሪያ ከባዱን አንቀጽ 4ን ይዞ ነበር፣ በኋላ ወደ አንቀጽ 6 ዝቅ አለ። በግንቦት 2009 ጥፋተኛ ተባለ፤ ቅጣቱም ከወለሉ በታች ሆኖ 6 ዓመት ከ6 ወር ተፈረደበት። ዋናው ማስረጃ የፌስቡክ ጽሑፎቹ ነበሩ።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። የፌስቡክ ጽሑፍ ችሎት ሲገባ ወረቀት ይሆናል። የተጻፈበት ሰዓት፣ የሚመልሰው የሌላ ሰው ጽሑፍ፣ ከሥሩ የነበረው ክርክር፣ «ቀልዴን ነው» ያለበት አስተያየት፣ ሁሉም ይቀራል። የሚተርፈው በአታሚ የወጣ ሦስት አራት መስመር ነው፤ አንዳንዴም ከሌላ ቋንቋ ተተርጉሞ። ደግሞ እኛ በሰምና ወርቅ ያደግን ሕዝብ ነን፤ ነገር ሸፍነን መናገር እንደ ጥበብም እንደ መከላከያም እንቆጥረዋለን። አንቀጽ 6 ግን የሚጠይቀው አንባቢው በተዘዋዋሪ ምን ተረዳ የሚለውን ነበር። ማለትም ሰሙን ትቶ ወርቁን ይከስሳል። ወርቁን የሚፈታው ደግሞ ዐቃቤ ሕጉ ነው! በቅኔ መሸሸግ አይቻልም የምላችሁ ለዚህ ነው። ግልጽ አድርጋችሁ ጻፉ። «ሰላማዊ ሰልፍ ይደረግ» ማለት ከፈለጋችሁ «ሰላማዊ» የሚለውን ቃል አትዝለሉት፤ አንባቢው ይገባዋል ብላችሁ የተዋችሁትን ቃል ዳኛው መዝገቡ ላይ አያገኘውም።

አዋጅ 652 በ2012 በአዋጅ 1176 ተተክቷል። ዛሬ በኢንተርኔት ጽሑፍ ሰው ሲያዝ መጀመሪያ የሚጠቀሰው ብዙ ጊዜ በዚያው ዓመት የወጣው የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185 ነው። ወጣቶች ስለሱ ሲያወሩ እሰማለሁ፤ ከፍቶ ያነበበ ግን ጥቂት ነው። አሥር ደቂቃ የሚያልቅ ሕግ ነው፤ አንድ ቪዲዮ የምታዩበት ጊዜ። የጥላቻ ንግግር የሚሆነው ሆን ተብሎ፣ በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ላይ ተመሥርቶ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን ሲያራምድ ነው። ፓርቲ እዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። ሚኒስትር የለም፣ መሥሪያ ቤት የለም፣ የመንገድ ፕሮጀክት የለም። ቅጣቱ እስከ 2 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ነው፤ በንግግሩ ምክንያት ጥቃት ከደረሰ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይሆናል። ሐሰተኛ መረጃ የሚባለው ደግሞ ሦስት ነገር ሲሟላ ነው፦ መረጃው ሐሰት ከሆነ፣ ያሰራጨው ሰው ሐሰት መሆኑን ካወቀ ወይም ማወቅ ከነበረበት፣ ሁከት ወይም ግጭት የማስነሳት ዕድሉም ከፍተኛ ከሆነ። መነሻ ቅጣቱ እስከ 1 ዓመት ወይም 50,000 ብር ነው። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከተሰራጨ ግን እስከ 3 ዓመት ወይም 100,000 ብር ይደርሳል። ተከታይ ቁጠራ የምትወዱ ልጆች ይህችን ቁጥር አስታውሷት። ላይክ ማድረግና ታግ ማድረግ እንደ ማሰራጨት አይቆጠርም፤ ሼር ማድረግ ግን ማሰራጨት ነው። «እኔ አልጻፍኩትም፣ ሼር ነው ያደረግኩት» የሚለው ቃል ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ መከላከያ መስሎ ይነገራል፤ ሲጻፍ ግን የማመን ቃል ነው።

አሁን ወደ ልጅቷ ጥያቄ። አታጥፉ። ምክንያቱ ዋስትና ነው። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 67 ዋስትና ከሚከለከልባቸው ምክንያቶች አንዱ ተጠርጣሪው ቢለቀቅ ማስረጃ ያጠፋል ወይም ምስክር ያባብላል የሚለው ነው። በአደባባይ የተጻፈ ጽሑፍ ላይ ይህ ክርክር ደካማ ነው፤ ፖሊስ ስክሪንሾቱን ከመዝገቡ ጋር አያይዟል፣ ምን ይጠፋል? ጽሑፉን ካጠፋችሁት ግን መርማሪው «እነሆ፣ ማጥፋት ጀምሯል» ይላል፤ ያልነበረውን ክርክር በእጃችሁ ሰጣችሁት። በዚያ ላይ እናንተን የሚጠቅመው አውድ አብሮ ይጠፋል። የእሱ ቁራጭ ይቀራል፣ የእናንተ ሙሉው ይሄዳል።

ይህን ካልኩ በኋላ ራሴን ልቃረን። ጽሑፉ አሁን በዚህ ሰዓት ሰው ላይ አደጋ የሚጋብዝ ከሆነ፣ የአንድ ሰው አድራሻ ወይም ፎቶ ካለበት፣ ወይም ሐሰት መሆኑን ካወቃችሁ፣ አንሱት፤ ማረሚያውንም ጻፉ። የሰው ሕይወት ከዋስትና ክርክር ይበልጣል። ግን ከማንሳታችሁ በፊት ሙሉውን ከነአስተያየቶቹ፣ ከነቀኑና ከነማስፈንጠሪያው ቅዱትና ለጠበቃችሁ ስጡ። ያኔ «ማስረጃ አጠፋ» ሳይሆን «ስህተቱን አረመ» ለማለት መሬት ይኖረዋል።

የዋስትና ነገር ከተነሳ አይቀር፣ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው አንቀጽ ከድርጊቱ ይበልጥ ይወስናል። በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 63 መሠረት 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሚያስቀጣ፣ ተጎጂውም የሞተበት ወይም ሊሞት የሚችልበት ወንጀል ዋስትና ያሳጣል፤ አዋጅ 1185 ራሱ ግን ጣሪያው 5 ዓመት ስለሆነ ወደዚያ አይደርስም። ችግሩ ምርመራው ብዙ ጊዜ የሚከፈተው በሕገ መንግሥታዊ ሥርዓት ላይ በሚፈጸም ወንጀል፣ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 238 ነው፤ ቅጣቱ ከ3 እስከ 25 ዓመት። ወር ሁለት ወር ካለፈ በኋላ ክሱ ሲመጣ ቀሎ ይመጣል፣ ወይም አይመጣም። የዞን ዘጠኝ ጦማሪያን ነገር ከዚህ ሩቅ አይደለም። የቃሊቲ እስር ቤት ስምንት ዞን አለው፣ ዘጠነኛው ውጭ ያለነው ነን ብለው ነበር ስሙን ያወጡት፤ «ሕገ መንግሥቱ ይከበር» ብለውም ዘመቻ አካሂደዋል። ሚያዝያ 17 ቀን 2006 መያዝ ጀመሩ፣ ስድስት ጦማሪያንና ሦስት ጋዜጠኞች። በክሱ ውስጥ መልእክት በምስጢር መላላክ የሚያስችል ሥልጠና መውሰድም ተጠቅሷል። አምስቱ ክሳቸው ተነሥቶ በሐምሌ 2007 ወጡ፣ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሊመጡ ሳምንታት ሲቀሩ። የቀሩት ጥቅምት 5 ቀን 2008 ከሽብር ክሱ ነጻ ተባሉ፤ በበፍቃዱ ኃይሉ ላይ ብቻ ሁከት የማነሳሳት ቀለል ያለ ክስ ቀረና በዋስ ወጣ። ከመነሻው ያ ክስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ወደ 18 ወር ገደማ ማን ይታሰር ነበር?

ስለዚህ የጊዜ ቀጠሮ ችሎት ላይ፣ ማለትም ፖሊስ ለምርመራ ቀን በሚጠይቅበት ችሎት፣ ስለ ነጻነት ንግግር አታድርጉ። መርማሪው 14 ቀን ሲጠይቅ፣ 14 ቀን በአንድ ቀጠሮ ሊሰጥ የሚችለው ከፍተኛው እንጂ ግዴታ አለመሆኑን አስታውሱ። ቀጥሎ ዳኛው የምርመራ መዝገቡን አስቀርቦ እንዲያይ ጠይቁ፦ ባለፈው 14 ቀን ምን ተሠራ? ስንት ምስክር ተሰማ? «የቴክኒክ ማስረጃ አልመጣልንም» ካሉ፣ ደብዳቤው በየትኛው ቀን ተጻፈ? ብዙ ቀጠሮ የሚያጥረው በዚህ ደረቅ ጥያቄ ነው። ይዘቱ በመገናኛ ብዙኃን የወጣ ከሆነ ደግሞ የ2013ቱ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 አለ፤ በዚህ መንገድ ተፈጸመ በተባለ ወንጀል የሚጠየቅ ሰው ለምርመራ ሳይታሰር በቀጥታ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። ፖሊስ «ዩቲዩብ መገናኛ ብዙኃን አይደለም» ብሎ ይከራከራል። የምዝገባ ምስክር ወረቀት ያላችሁ ቅጂውን ቢሮ ብቻ ሳይሆን ቤትም ጠበቃም ዘንድ አስቀምጡ፤ ቢሮው ሲፈተሽ ወረቀቱም አብሮ ይሄዳልና።

ስለ ቃል መስጠት። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ዝም የማለት መብት ይሰጣል። ለመርማሪ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 27 የሚሰጠውና ፍርድ ቤት ቀርቦ በቁጥር 35 የሚመዘገበው ቃል አንድ አይደሉም፤ ሁለተኛውን ኋላ ላይ ማስተባበል እጅግ ይከብዳል። ጠበቃ ሳታገኙ «ፍርድ ቤት ቃልህን አስመዝግብ፣ ቶሎ ትወጣለህ» ከተባላችሁ ጠበቃዬን ላነጋግር በሉ። ያልተጻፈውንም፣ ያላነበባችሁትንም አትፈርሙ።

የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት ሁሉም ያውቃል፤ ወደ ፍርድ ቤት የሚያስኬደው የጉዞ ጊዜ እንደማይቆጠር ግን ብዙው አያውቅም። ሰው የት እንዳለ ካልታወቀ ወይም 48ቱ ካለፈ፣ ቤተሰብ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 177 አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ያቀርባል። አቤቱታው በቃለ መሐላ ይደገፋል፤ ማን እንደያዘው፣ የት እንደተያዘ፣ ያዩ ምስክሮች እነማን እንደሆኑ ይጻፍበታል። የሚሰናከለው በዚህ ነው፤ ያየ ሰው «ስሜ አይጠቀስ» ይላል። ስለዚህ ሰውየው ሲያዝ በቦታው የነበረ ሰው ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የመኪናውን ዓይነትና ሰሌዳ ወዲያው ወረቀት ላይ ያስፍር።

ላይቭ ለምትወዱ አንድ ቃል አለኝ። ጽሑፍ ቢያንስ አንድ ጊዜ ታነቡታላችሁ፤ ላይቭ ግን ረቂቅ የለውም። ደግሞ በአሜሪካ ተቀምጦ «በሉ እንጂ፣ ፈራችሁ?» የሚል ዘመድ አለ። እዚያ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የብራንደንበርግ ፍርድ እ.ኤ.አ. በ1969 ከተሰጠ ወዲህ ንግግር የሚያስቀጣው ሆን ተብሎ ለቅርብና ለማይቀር ሕገ ወጥ ድርጊት ሲያነሳሳና ድርጊቱም የመፈጸም ዕድል ሲኖረው ነው። እሱ በዚያ ሕግ ይናገራል፣ ሼር የሚያደርገው ደሴ ያለው የአክስቱ ልጅ በዚህ ሕግ ይጠየቃል። ዱባይ ያላችሁ እህቶቼም፣ የአሠሪን ቤትና ልጆች ቀርጾ ቲክቶክ ላይ መጫን እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው የዚያ አገር የሳይበር ሕግ ያሳስራል፤ ስድብ ባይኖርበትም።

ስልካችሁ ሲያዝ ቁጥሮቹም አብረው ይያዛሉ፤ የአንድ ዘመድና የጠበቃችሁን ቁጥር በቃላችሁ ያዙ። ዋስትና ሲፈቀድም ነገሩ አላለቀም። ገንዘቡ የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት (ሬጅስትራር) ገቢ ይሆናል፣ ደረሰኙ ተይዞ የመፍቻ ትእዛዝ ይጻፋል፣ ትእዛዙ ጣቢያ ይደርሳል። ዓርብ ከሰዓት የተፈቀደ ዋስትና እስከ ሰኞ ሊያሳድር ይችላል፤ በዚህ መሐል ሌላ ፖሊስ በሌላ መዝገብ «እፈልገዋለሁ» ብሎ የወሰደው ሰው ብዙ ነው። ገንዘቡን ከዋዜማው አዘጋጁ፣ ጠዋት ችሎት ይዛችሁ ግቡ፣ አንዱ ችሎት ሲከታተል ሌላው ሬጅስትራሩ በር ላይ ይቁም።