ባሌ ሜዲቴሽን ከጀመረ ወዲህ ስለ ኪራይ ማውራት አይቻልም

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ አካባቢ ተከራይተን ነው የምንኖረው። በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ ባሌ የሚሰራበት ሱቅ አብሮ ሄደ፣ ከዛ ወዲህ ያልሞከረው ነገር የለም፣ አልሆነለትም። አሁን ጠዋትና ማታ ኢርፎን ሰክቶ ሜዲቴሽን ነው። የኪራይ ወይ የልጃችንን ት/ቤት ክፍያ ሳነሳበት «ሰላሜን አትረብሺኝ» ብሎ አይኑን ይጨፍናል። እየረዳው ነው ወይስ ከኛ እየሸሸ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከጻፍሽው ሳየው እየሸሸ ነው የሚመስለኝ። ግን ጥፋቱን ሜዲቴሽኑ ላይ አትጣይው። ጆን ካባት-ዚን የሚባለው አሜሪካዊ በ1979 (በፈረንጆቹ) ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ውስጥ ሜዲቴሽን ማሰልጠን ሲጀምር ይላኩለት የነበሩት ህክምና ያልፈታላቸው የቆየ ህመም ያለባቸው ሰዎች ናቸው፣ የሚያስተምራቸውም ህመሙን እንዲረሱት ሳይሆን እያመማቸው እንዲያስተውሉት ነበር። ባልሽ የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው የሚሰራው፦ ኪራይ ስትዪው ደረቱ ይጨንቀዋል፣ አይኑን ሲጨፍን ወዲያው ቀለል ይለዋል፣ አእምሮው ታዲያ ያቺን እፎይታ ይይዛትና በሚቀጥለው ወር ኪራዩ ራሱ ሳይጨምር ፍርሃቱ ጨምሮ ይመጣል። ይሄ በጸሎትም በስራ ብዛትም በጫትም ይደረጋል። ጆን ዌልዉድ የሚባል የስነ ልቦና ባለሙያ በ1980ዎቹ ስም ሰጥቶ የጻፈበትም ነው፣ ያልዳነ ቁስልን በመንፈሳዊ ልምምድ ዘሎ ማለፍ።

ስለዚህ ስንት ሰዓት ተቀመጠ ብለሽ አትቁጠሪ፣ ሲነሳ ምን እንደሚሆን እዪ። ልጁን ይሰማል? ስትከፊ ያስተውላል? ከባድ ወሬ ትንሽም ቢሆን ይችላል? ከሆነ እየጠቀመው ነው።

አንድ ነገር ግን አለ፣ ቤቱን ማስተዳደር ያቃተው አባወራ ኪራይ ሲባል የሚሰማው «አልቻልክም» ነው፣ አንቺ ባትዪውም። እና አከራይዋ በደወለች ደቂቃ ወይም ሊቀመጥ ሲል አታንሺበት። ጨርሶ ሲነሳ፣ ቡና ላይ፣ ልጁ ሳይኖር፣ «ሜዲቴሽንህን ልከለክልህ አይደለም፣ ግን ብቻዬን እየፈራሁ ነው፣ የዚህን ወር ብቻ አብረን እንየው» በዪው። የዚህን ወር ብቻ፣ የዓመቱን ሁሉ አትደርድሪበት! ደረቱ ሲጨንቀው ያንን የተማረውን ትንፋሽ አይኑን ገልጦ እዛው አጠገብሽ ይሞክረው፣ ወሬው ሳይቋረጥ።

እንቅልፍና ምግብ ካጣ፣ ወይ «ባልኖር ይሻላችሁ ነበር» አይነት ነገር ካመለጠው ግን ይሄን ሁሉ ተዪና ብቻውን ሳትተዪው ዛሬውኑ ሀኪም ጋ ውሰጂው። አማኑኤል ሆስፒታል ስል ሰፈር ምን ይላል ብለሽ እንዳትፈሪ፣ ስራ አጥቶ በጭንቀት የሄደ ሰው እዛ ብርቅ አይደለም፣ ታክሞም ቤቱ ይመለሳል።