ሊምፎማን የሰውነት መከላከያ ለምን ዝም ይለዋል?

ሰሞኑን ስለ ሊምፎማ፣ ማለትም ሊምፎሳይት ከተባሉት ነጭ የደም ሴሎች ስለሚነሳው ካንሰር፣ የደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙ ናቸው። የተወሰኑትን ልመልስ።

ሰውነቴ ካንሰሩን አላየውም ማለት ነው?

ብዙ ጊዜ ያየዋል። የሊምፎማ ሴል ከራሳችን ሊምፎሳይት የወጣ ቢሆንም የተዛቡ ፕሮቲኖቹን ለይተው የሚያውቁ ቲ-ሴሎች (የታመመ ሴልን የሚገድሉ የመከላከያ ሴሎች) አይጠፉም። ችግሩ ካዩት በኋላ ነው።

ሆጅኪን ሊምፎማ ነው ተብያለሁ። የባዮፕሲው (ከእብጠቱ የተወሰደው ናሙና) ውጤት ግን የካንሰር ሴሎቹ ጥቂት ናቸው ይላል። ተሳስተው ይሆን?

አይመስለኝም፤ የሆጅኪን ባሕርይ ነው። ባበጠው ንፍፊት ውስጥ ሪድ-ስተርንበርግ የሚባሉት የካንሰር ሴሎች ብዙ ጊዜ 1 በመቶ ገደማ ቢሆኑ ነው። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ግዙፍ ናቸው፤ ሁለቱ ኒውክለሶቻቸው የጉጉት ዓይን ይመስላሉ። የቀረው እብጠት በአብዛኛው ቲ-ሴል እንዲሁም ማክሮፌጅና ኢዮሲኖፊል የተባሉ ሌሎች የመከላከያ ሴሎች ነው። ከበውታል፣ ግን አይገድሉትም። የካንሰሩ ሴል በ9ኛው ክሮሞዞም ላይ ባለ ለውጥ የተነሳ ፒዲ-ኤል1 የተባለ ፕሮቲን በገፍ ያመርታል፤ ይህም ቲ-ሴሉ ላይ ካለው ፒዲ-1 ጋር ሲገናኝ ቲ-ሴሉን ይገታዋል። ኒቮሉማብ ይህን ግንኙነት የሚያቋርጥ መድኃኒት ነው፤ አሜሪካ ለሆጅኪን የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው።

ታዲያ መከላከያ የሚያጠናክር ቫይታሚን ልግዛ?

ይቅርብዎት። ከላይ እንዳልኩት ቲ-ሴሉ ተገትቶ እንጂ ቫይታሚን አንሶት አይደለም። የጀመሩት ካለ ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ከሕክምናው ጋር የሚጋጭ አለ።

እናቴ ፎሊኩላር ሊምፎማ አለባቸው። ገና ሕክምና ሳይጀምሩ እብጠቱ ቀነሰ። ይሆናል?

ይሆናል፤ በዚህ ዓይነቱ የታወቀ ነገር ነው። የመከላከያው እጅ እንዳለበት ይታመናል። እኔን ይበልጥ የሚያሳምነኝ ግን ሌላ ማስረጃ ነው፦ የሰውነት ክፍል የተተከለላቸው ሰዎች ሊምፎማ ሲይዛቸው መከላከያውን የሚያፍነው መድኃኒት ሲቀነስ ብቻ እብጠቱ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። የእናትዎ እብጠት መቀነስ ግን መዳን አይደለም፤ ተመልሶ ሊያድግ ስለሚችል ቀጠሯቸውን እንዳያቋርጡ።

ካር-ቲ የተባለው ሕክምና የራሴ ሴል ከሆነ ለምን ያተኩሰኛል ይሉኛል?

ቲ-ሴሎችዎ ከደም ተለይተው ይወሰዱና ብዙውን ጊዜ ሊምፎማው ላይ ያለውን ሲዲ19 የተባለ ፕሮቲን የሚይዝ መቀበያ እንዲያወጡ ይደረጋሉ። ተመልሰው ዒላማቸውን ሲያገኙ ይባዛሉ፣ ሳይቶካይን የተባሉ የመከላከያ ሴሎች መልእክተኛ ፕሮቲኖችን ይለቃሉ፤ ትኩሳቱ የዚያ ነው። የደም ግፊት እስከ መውረድ ከደረሰ ይህን የሚያበርድ ቶሲሊዙማብ የተባለ መድኃኒት ይሰጣል። ሲዲ19 ጤነኛ ቢ-ሴሎች (ፀረ-አካል እንዲመረት የሚያደርጉ ሊምፎሳይቶች) ላይም ስላለ እነሱም አብረው ያልቃሉ፤ ለወራት ለኢንፌክሽን መጋለጥ ይኖራል። አንዳንዱ ሊምፎማ ደግሞ ሲዲ19ን ከላዩ አጥፍቶ ያመልጣል፤ ያኔ ሐኪሞች ሌላ ዒላማ ይፈልጋሉ።