መስከረምና ፈጣን ልጆች፦ ከወላጆች፣ ከመምህራንና ከተማሪዎች ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ትምህርት ተከፍቶ ሁለተኛ ሳምንቱን ይዟል። በአንደኛ ደረጃ መምህርነት፣ ኋላም በልዩ ፍላጎት ትምህርት ስሠራ የኖርኩ ስለሆንኩ፣ «ልጄ ከክፍሉ ቀድሟል፣ ግን ትምህርት ቤት ጠላ» በሚለው ጉዳይ ላይ የፈለገ ሁሉ ይጠይቀኝ ብዬ ነበር። ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል፤ ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌያለሁ፣ የሰውና የትምህርት ቤት ስም አውጥቻለሁ። አቋሜን አስቀድሜ ልናገር፦ ፈጣን ልጅ «እሱማ ለራሱ ያውቃል» ተብሎ የሚተው ልጅ አይደለም።

«ልጄ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገባ። ከአጸደ ሕፃናት ጀምሮ ያነባል፤ የሱቅ ማስታወቂያ፣ የባጃጅ ጀርባ ላይ የተጻፈውን፣ ያገኘውን ሁሉ። ክፍል ውስጥ ግን ገና ሀ ሁ ነው የሚቆጥሩት። ጠዋት ጠዋት ሆዴን አመመኝ እያለ ያለቅሳል። ሐኪም ምንም የለበትም ብሎናል።» (እናት፣ ከባሕር ዳር ሽምብጥ)

እኅቴ፣ ሐኪም ማሳየትዎ ደግ ነው። ቀጥሎ ቅዳሜና እሁድን ይከታተሉ። ቅዳሜ የማያመው ከሆነ ዋሽቷል ማለት አይደለም፤ ጭንቀት የልጅን ሆድ በእውነት ያማል። ከምን እንደመጣ ለማወቅ «ትምህርት እንዴት ነበር?» አይበሉት፣ መልሱ «ጥሩ» ብቻ ነው። «ዛሬ ማን አጠገብ ተቀመጥክ? በእረፍት የት ነበርክ? መምህርህ ፊደል ስታስቆጥር አንተ ምን ታደርግ ነበር?» ይበሉት። የሚመታው ወይም ምሳቃውን የሚቀማው ልጅ ካለ እዚህ ላይ ይወጣል፤ ያ ከሆነ ነገ ሳይሉ ይሂዱ።

መሰልቸት ከሆነ ደግሞ ጊዜው ራሱ ያብራራዋል። መስከረም የክለሳ ወር ነው። መጽሐፍ ተከፋፍሎ አላለቀም፣ ተማሪም ገና እየገባ ነው፣ ብዙ ቦታ ትምህርቱ የሚጠብቀው መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። ለሌላው ልጅ ይህ መላመጃው ነው። የእርስዎ ልጅ ግን ክረምቱን ሙሉ ሲጓጓለት የከረመው ትምህርት ቤት የሚያውቀውን የሚያስደግመው ሆኖ አገኘው፣ ሐዘኑም ከዚያ ነው።

ከመስቀል በኋላ ባለው ሳምንት መምህሯን ያነጋግሩ። ልጆች በምታስወጣበት ሰዓት በር ላይ አይያዟት፣ ቀጠሮ ይጠይቁ። «ልጄ ጎበዝ ነው» ብለውም አይጀምሩ፣ ያንን ከሁሉም ወላጅ ትሰማለች። ልጁን ከሚያነበው መጽሐፍ ጋር ይዘውት ይሂዱና አንድ ገጽ ፊቷ ያንብብላት። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁ፦ ሥራውን ሲጨርስ ከቦርሳው መጽሐፍ አውጥቶ ማንበብ ይፈቀድለት። ይህ መምህሯን ተጨማሪ ሥራ አያስይዛትም፣ ስለዚህ እሺ ትላለች። አምስት ጥያቄ ደርድሮ የሚሄድ ወላጅ ብዙ ጊዜ ባዶ እጁን ነው የሚመለሰው።

«ባሕር ዳር ላይ የአይኪው (የአእምሮ ችሎታ መለኪያ) ፈተና የት ይሰጣል? ልጄ ልዩ ተሰጥኦ እንዳላት በወረቀት ማረጋገጥ እፈልጋለሁ።» (አባት)

ወረቀቱ ምን እንደሚያደርግልዎ ቢያስቡበት ይሻላል። በሰፊው የሚሠራበት የዌክስለር ፈተና ነጥብ የሚወጣው ልጅን ከእኩዮቹ ጋር በማነጻጸር ነው፤ እኩዮቹ የሚባሉት ደግሞ ፈተናው የተዘጋጀባቸው አገሮች ልጆች ናቸው። አፏን በአማርኛ የፈታች ልጅ በትርጉም ብትፈተን ቁጥር ይወጣላታል፣ ቁጥሩን ማመን ግን ይከብዳል። እንዲህ ያለው ፈተና በተሠራበት አገር እንኳ ጎበዝ ልጅ ያመልጠዋል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሉዊስ ቴርማን በፈረንጆቹ 1921 ካሊፎርኒያ ውስጥ ከፍተኛ ነጥብ ያመጡ ከ1,500 በላይ ልጆችን መርጦ ዕድገታቸውን መከታተል ጀመረ። ነጥብ አልሞላላችሁም ተብለው ከቀሩት መካከል ዊልያም ሾክሌይና ሉዊስ አልቫሬዝ ይገኙበት ነበር። ሾክሌይ በ1956፣ አልቫሬዝ በ1968 የፊዚክስ ኖቤል ተሸለሙ። ከተመረጡት ውስጥ ግን ኖቤል ያገኘ የለም።

እኔ የምጠቀምበት የአሜሪካዊው የትምህርት ተመራማሪ የጆሴፍ ሬንዙሊ አስተያየት ነው። ሬንዙሊ በፈረንጆቹ 1978 ልዩ ተሰጥኦ የሚታየው ሦስት ነገሮች ሲገናኙ ነው አለ፦ ከመካከለኛ ከፍ ያለ ችሎታ፣ ፈጠራ፣ እና የያዙትን ሥራ አለመልቀቅ። ሦስተኛውን ያለ ፈተና እቤትዎ ያዩታል። ማንም ሳያዛት ስንት ሰዓት በአንድ ነገር ላይ ትቆያለች? ሲበላሽባት ትተወዋለች ወይስ ከሥሩ ትጀምረዋለች? ለፈተና ያሰቡትን ገንዘብ መጽሐፍ ይግዙላት።

«አራተኛ ክፍል ናት፣ የአምስተኛን ሒሳብ ጨርሳለች። ደብል ትምታ?» (አባት፣ ከአባይ ማዶ)

ክፍል መዝለል ልጅን ይጎዳል የሚለው ፍርሃት ከማስረጃው በላይ ገኗል። በሌላ አገር በዘለሉ ልጆች ላይ የተደረጉ ጥናቶች በብዛት የሚያሳዩት በትምህርታቸው እንደሚጠቀሙ፣ በጓደኝነትም እንደማይጎዱ ነው። ይህ ግን ልጅቷ ስትፈልገውና በሁሉም ትምህርት ስትደርስ ነው። የእርስዎ ልጅ የቀደመችው በሒሳብ ብቻ ከሆነ ሙሉ ክፍል ማዘለል ለሒሳቡ ብሎ ሌላውን ማጣደፍ ይሆናል። የስድስተኛና የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተናዎችም ፊቷ አሉ፤ መዝገቧ ሳይስተካከል ብትዘል የምትቸገረው ያኔ ነው።

በመካከል ያለ መንገድ አለ። በክፍሏ ትቆይ፣ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ግን የአምስተኛን ትሥራ፤ አምስተኛን ጨርሳ ከሆነ የስድስተኛን። ርዕሰ መምህሩ ከተስማማና ፈረቃው ከገጠመ ለዚያ ክፍለ ጊዜ የላይኛው ክፍል ገብታ ትቀመጥ። የሚወሰን ነገር ካለ በመስከረም ይወሰን፤ ኅዳር ላይ ክፍል መቀየር ሁለቱንም ወገን ያደክማል።

«ስልሳ ምናምን ተማሪ አለኝ። አንድ ልጅ ጥያቄውን ጽፌ ሳልጨርስ መልሱን ይናገራል። በአንድ ለአምስት የቡድን መሪ አደረግኩት፣ አሁን ግን ቡድኑን ይሳደባል። ምን ላድርግ?» (መምህርት)

የሙያ አጋሬ፣ ይህን ጥያቄ በመጠየቅሽ ደስ ብሎኛል፤ ብዙዎቻችን ያን ልጅ «ረባሽ» ብለን ዘግተንበታል።

ጎበዙን ለሌሎች አስጠኚ ማድረግ የለመድነው ነገር ነው፣ ልኩን ካላለፈም ይጠቅማል። ያወቁትን ማስረዳት እውቀትን ያጠራል። ዓመቱን ሙሉ ግን ሥራው እሱ ብቻ ከሆነ ልጁ ራሱ መቼ ይማራል? ደግሞ የዘጠኝ ዓመት ልጅ በራሱ የሚያየውን ነገር ሌላው ለምን እንደማያየው ሊገባው አይችልም። ስድቡ ከዚያ ነው። መሪነቱን በየሁለት ሳምንቱ አዘዋውሪውና እሱም ተራ አባል ሆኖ ይቀመጥ።

በክለሳው ሳምንታት ሁለት ነገር ሞክሪ። የመጀመሪያው፦ የክፍል ሥራ አሥር ጥያቄ ከሆነ፣ የመጨረሻዎቹንና ከባዶቹን አራቱን አስቀድሞ በትክክል የሠራ ማንኛውም ልጅ ስድስቱ ይቅሩለት። «ማንኛውም» ማለትሽ ቁልፍ ነገር ነው፤ አድልዎ አይሆንም፣ ያልጠበቅሽውም ልጅ ይወጣበታል።

ሁለተኛው፦ ሁሉም የሚጀምረው፣ ማለቂያው ግን የራቀ ጥያቄ። ለምሳሌ ሰሌዳው ላይ «ድምራቸው 20 ከሆኑ ሁለት ሙሉ ቁጥሮች ብዜታቸው የሚበልጠው የትኞቹ ናቸው?» ብለሽ ጻፊ። መደመር ብቻ የሚችለው ልጅ 15 እና 5 ብሎ፣ 15ን አምስት ጊዜ ደምሮ 75 ያገኛል፣ ጎረቤቱ 12 እና 8 ብሎ 96 ያገኛል፣ ቀስ በቀስ ክፍሉ 10 እና 10 ላይ ይደርሳል። ያንቺ ልጅ በአንድ አፍታ «100» ይላል። ያኔ ወደ ደብተሩ ጎንበስ በይና «ለምን?» ብለሽ ጻፊለት። ሥሩም፦ «ድምሩ 21 ቢሆንስ? ቁጥሮቹ ሦስት ቢሆኑስ?» እንዲህ ያለውን ልጅ እርሳሱን እየነከሰ ዝም ሲል አይቼዋለሁ። ይህ ዝምታ ያስፈልገዋል፤ ከትምህርት ቤት ከገባ ጀምሮ የሚያስበው ነገር ያገኘው ገና ያኔ ሊሆን ይችላል።

«ከዘጌ ነኝ። እስከ ስምንተኛ ከክፍሌ አንደኛ ነበርኩ። ዘንድሮ ዘጠነኛ ባሕር ዳር ዘመድ ጋ ሆኜ ገባሁ። መምህሩ ፊዚክስ ሲያስተምር ግማሹ አይገባኝም፣ ሌሎቹ ግን እጅ ያወጣሉ። ሰቃይ የነበርኩት እዚያ ሰው ስለሌለ ነው እንዴ?» (ተማሪ)

አይደለም ልጄ። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ነው የደረሰብሽ፣ ለያይተሽ እያቸው።

አንደኛው ቋንቋው ነው። እስከ አሁን በአብዛኛው በአማርኛ ሲብራራልሽ የኖረው ሳይንስ ዘጠነኛ ላይ በእንግሊዝኛ ሆነ። እጅ ከሚያወጡት ውስጥ ከግል ትምህርት ቤት የመጡት ቃላቱን ቀድመው ያውቋቸዋል። አንቺ ፍጥነትና ጉልበት ምን እንደሆኑ ታውቂያለሽ፣ ስማቸው ነው የተለወጠብሽ። ትንሽ ደብተር ለይተሽ በየቀኑ የሰማሻቸውን አዳዲስ የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪና የባዮሎጂ ቃላት ከአማርኛቸው ጋር ጻፊ። የነገውን ርዕስ ዛሬ ማታ አንብቢው፣ ባይገባሽም። ክፍል ውስጥ ቃሉን ለሁለተኛ ጊዜ ስትሰሚው ሐሳቡን መከተል ትችያለሽ። ይህ ችግር በወራት ይቀላል።

ሁለተኛው ከደረጃ መውረዱ ነው፣ የሚያመውም እሱ ነው። እስከ ዛሬ ሳትለፊ አንደኛ የወጣሽ ከሆነ፣ አጠናን መማር ሳያስፈልግሽ ነው እዚህ የደረስሽው። አሁን ነው የምትማሪው። «አልገባኝም» ማለትን ልመጂ፤ ክፍል ውስጥ ካፈርሽ በእረፍት መምህሩን ተከትለሽ ጠይቂ። ሁለት ልጆች ፈልገሽ አብራችሁ አጥኑ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ቤተ ሙከራ የሚከፍት የስቴም (የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የምህንድስናና የሒሳብ) ማዕከል አለው፤ እንዴት እንደሚገባ የክፍል ኃላፊሽን አሁን በዓመቱ መጀመሪያ ጠይቂ። ለዘመዶችሽም የሌሊት ጥናትሽን ሰዓት ንገሪያቸው፣ የቤት ሥራው ሁሉ ባንቺ ላይ እንዳይወድቅ።

«ልጄን ጎበዝ አልበለው?» (እናት)

የሠራውን ነገር ያመስግኑለት። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ በፈረንጆቹ 1998 ባወጡት ጥናት፣ «አንተማ ብልህ ነህ» የተባሉ የአምስተኛ ክፍል ልጆች ከባድ ሥራ ሲገጥማቸው ቶሎ ተስፋ ቆርጠዋል፣ ቀጥሎም ቀላሉን መርጠዋል። በጥረታቸው የተመሰገኑት ግን ከባዱን ፈልገዋል።

«የልጅ ልጄ ደቅ ደሴት ላይ ዳዊት ደግሟል፣ ውዳሴ ማርያምን በቃሉ ይዟል። ትምህርት ቤት ሲገባ መምህሩ ፈዛዛ ነው አለን። እኛ ዘንድ ከእኩዮቹ የሚቀድመው የለም።» (መሪጌታ)

መሪጌታ፣ ጤና ይስጥልኝ። የላኩልኝን ደጋግሜ አነበብኩት፣ ምክንያቱም እኛ ዘመናዊ መምህራን ከእናንተ ጉባኤ ልንማረው የሚገባ ነገር አለበት። በቅኔ ቤት፣ የመጀመሪያውን የቅኔ ዓይነት ጉባኤ ቃናን የቻለ ወደ ቀጣዩ፣ ወደ ዘአምላኪየ ያልፋል፤ ዕድሜህ ስንት ነው፣ ስንት ወር ቆየህ ብሎ የሚያስቀረው የለም። ያልቻለም ሳያፍር ይቆያል። የቀደመው ለታናሹ ያስቀጽላል (ያስጠናል)፣ እሱ ራሱ ደግሞ ከመምህሩ ዘንድ የራሱን ይማራል። በጎጃም ምድር ይህ ሲሠራ የኖረ ነው። በአንድ ዓመት የተወለዱ ስልሳ ልጆች አንድ ገጽ ላይ እንዲገኙ የሚጠብቀው የእኛው ትምህርት ቤት ነው።

ልጁ ፈዛዛ አይመስለኝም። በዜማና በቃል መያዝ የለመደ ልጅ ጽሑፍ ከሰሌዳ ገልብጥ ሲባል ሊዘገይ ይችላል፤ ቁጥርም አዲስ ነገር ሊሆንበት ይችላል። እርስዎ ሄደው ለመምህሩ አንድ መዝሙር ያስነብቡት። ማባዣ ሰንጠረዡን በሚያውቀው ዜማ ያስይዙት፣ የጽሕፈት ልምምድም በየማታው ትንሽ ትንሽ ያሠሩት። አንዱን ለሌላው ብለው አያስተዉት።

«በጸጥታው ችግር ትምህርት ቤታችን ተዘግቶ ልጄ ሁለት ዓመት ቤት ቀረ። እቤት ያገኘውን ሁሉ ሲያነብ ከርሟል። አሁን ከታናናሾቹ ጋር አምስተኛ ክፍል ተቀምጧል፣ አንገቱን ደፍቷል።» (አባት፣ ባሕር ዳር ዙሪያ)

ወንድሜ፣ ይህ ከሁሉም በላይ ያሳዝነኛል። መዘለል የሚገባው ልጅ ካለ እንዲህ ያለው ነው። ትምህርት ቤቱ የአምስተኛን ዋና ዋና ትምህርት ፈትኖት ካለፈ ወደ ስድስተኛ እንዲያሳልፈው በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ርዕሰ መምህሩ አልችልም ካለ ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይውሰዱት። እቤት ያነበባቸውን መጻሕፍትና የጻፋቸውን ደብተሮች አይጣሉ፣ ማስረጃ ናቸው። አንገቱን መድፋቱ ግን ከክፍሉ ብቻ ላይሆን ይችላል። ያየውንና የሰማውን ሲያወራ ያዳምጡት፤ እንቅልፍ ካጣ ወይም ዝምታው ከበዛ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።

«ከትምህርት በኋላ አስጠኚ ልቅጠርለት?»

የክፍሉን ትምህርት የሚደግምለት ከሆነ አይቅጠሩለት። ድግግሞሹ ነው ያሰለቸው።

«ስታወራ ትልቅ ሰው ትመስላለች። ሦስተኛ ክፍል ሆና ግን ለ እና ሰ፣ ተ እና ቸ ይምታቱባታል። ሰነፍ ናት ይሏታል።»

ብልህነትና የማንበብ ችግር በአንድ ልጅ ላይ አብረው ይገኛሉ፤ አንዱ ሌላውን ስለሚሸፍነው ሁለቱም ሳይታዩ ይቀራሉ። መጀመሪያ ዓይኗን ያስመርምሩ፣ ወንበሯም ወደ ፊት ይሁን። ከዚያ የሚመሳሰሉትን ፊደላት ሁለት ሁለቱን ብቻ እየለዩ፣ በጣቷ አሸዋ ላይ እየጻፈች ትለማመድ። መምህሯ መልሷን በቃል እንዲቀበላት ይጠይቁ። «ሰነፍ» የሚለው ቃል ደግሞ ዛሬውኑ ይቁም።

«ልጄ መምህሯን ክፍል ውስጥ ታርማለች። ባለፈው ሳምንት ከክፍል ተባረረች።»

ስህተቱን ማየቷን አይቆጧት፣ ጊዜና ቦታውን ያስተምሯት። ያየችውን ከደብተሯ ጀርባ ትጻፈውና በእረፍት «መምህር፣ ይህ አልገባኝም፣ ያሳዩኝ» ብላ ትውሰደው። እርስዎም በዚህ ሳምንት አብረዋት ይሂዱ፤ ስለተባረረችበት ቀን ይቅርታ ትጠይቅ፣ የደብተሩንም ነገር ለመምህሯ እዚያው ይንገሯት።