ክረምቱን ቆሞ የከረመ ስኩተር

ጥያቄ፦ ባለ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል ክፍል) ስኩተሬን ክረምቱን ሙሉ ግቢ ውስጥ አቁሜው ከርሜ ነበር። አሁን ላስነሣው ስሞክር ሞተሪኖው (ማስነሻው) በደንብ ያዞረዋል፤ ሞተሩ ግን አይነሣም። ባትሪ ልቀይር? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ሞተሪኖው በጉልበት የሚያዞር ከሆነ ባትሪ ለመግዛት አይቸኩሉ፤ ባትሪው ደክሞ ቢሆን ኖሮ አዟዟሩ ይዝል ነበር። ይልቁንም ካንዴላውን (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) ፈትተው ጫፉን ይመልከቱ። ደጋግመው ከሞከሩ በኋላም ጫፉ ደረቅ ከሆነ ቤንዚኑ ወደ ሲሊንደሩ እየደረሰ አይደለም ማለት ነው። እኔም አስቀድሜ የምጠረጥረው ይህንኑ ነው፤ ምክንያቱም ለወራት የቆመ ቤንዚን እየተነነ ሙጫ መሰል ዝቃጭ ስለሚተው፣ እጅግ ጠባብ የሆነውን የካርቡሬተሩን የሚኒሞ (ሞተሩ ሳይፈጥን በዝግታ ሲሠራ ቤንዚን የሚያልፍበት) ቀዳዳ ይደፍነዋል። በካርቡሬተሩ ሥር ያለችውን የማፍሰሻ ቡሎን አላልተው አሮጌውን ቤንዚን ያፍስሱ፤ ታንከሩ ውስጥ የቀረውንም አውጥተው አዲስ ይሙሉ። ይህም ካልረዳ ካርቡሬተሩ ተፈቶ በማጽጃና በታመቀ አየር ይጽዳ እንጂ ቀዳዳው በሽቦ አይጎርጎር፤ ጥቂት እንኳ ከሰፋ የቤንዚንና የአየር ምጥጥኑ ይዛባል።

ካንዴላው በቤንዚን ርሶ ከወጣ ግን ጥርጣሬው ወደ እሳቱ፣ ማለትም ወደ ካንዴላው ብልጭታ፣ ይዞራል። አድርቀው የካንዴላው ገመድ ኮፍያ ላይ ይሰኩትና፣ ብረቱን ከሞተሩ አካል ጋር አስነክተው ሞተሪኖውን ሲያዞሩ ጠንካራ ሰማያዊ ብልጭታ ካላዩ፣ በቅድሚያ አዲስ ካንዴላ ይሞክሩ። ይህን ሲያደርጉ ካንዴላውን ከተፈታበት ቀዳዳ ያርቁት፤ በአካባቢው የፈሰሰ ቤንዚን ካለም እስኪደርቅ ድረስ ፈጽሞ አይሞክሩት።